ጠፍቶ የሚመለስ መብራት

መኪናቸው ላይ የኤልኢዲ አምፖል ያስገጠሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። ማታ እየነዱ ሳለ አንዱ የፊት መብራት፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ ድርግም ይላል። ዳር ይዘው ኮፈን ከፍተው ሲነካኩት ይበራል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይመለሳል። በማግስቱ ጋራዥ ሲወስዱት ቦግ ብሎ ያበራል። ኤሌክትሪሺያኑ አይቶ «ምንም የለበትም» ይላቸዋል። እነሱም የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርደው ሌላ ጥንድ አምፖል ይገዛሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል።

ወዳጆቼ፣ ከመኪና ብልሽቶች ሁሉ እንደዚህ የሚያጓጓኝ የለም፤ አጠፋፉ ራሱ መንስኤውን ይናገራልና። መብራቱ ሲጠፋ ልብ ልትሉ የሚገባችሁ ጥቂት ነገሮች ናቸው። ከተበራ ስንት ደቂቃ ሆኖት ነበር? የጠፋው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም አንድ ላይ? መንገዱ ለስላሳ አስፋልት ነበር ወይስ ኮረኮንች? የተመለሰው በራሱ ነው ወይስ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ስታበሩት? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው ቴስተር ሳያነሳ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል።

በቅድሚያ አንድ ተጠርጣሪ ነጻ ላውጣላችሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፊውዝን ነው። ፊውዝ ግን አንዴ ከተቃጠለ በቃ፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ቀልጦ ተበጥሷል፣ ካልተቀየረ አይመለስም። ጠፍቶ በራሱ የበራ መብራት ፊውዙ አልተቃጠለም ማለት ነው። ምናልባት ፊውዙ መቀመጫው ውስጥ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን በጣት ጫን ብሎ ማየት በቂ ነው።

አሁን ወደ ሙቀት ልግባ፤ ኤልኢዲ አይሞቅም የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳስታልና።

የድሮው ሃሎጂን አምፖል ውስጥ ያለው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ከ2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ነው የሚያበራው። የሙቀቱ አብዛኛው ክፍል በማይታይ ጨረር መልክ ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይወጣል። አምፖሉ ሙቀትን አይፈራም፤ የሚሠራው በሙቀት ነው። ኤልኢዲ ተቃራኒው ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው ቢጫ ፎስፈር የተቀባ ትንሽ ሰማያዊ ቺፕ ነው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለዚህ ያበቁት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የወሰዱት የዚህን ግኝት ትልቅነት ዓለም ስላወቀው ነው። ቺፑ ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላዩ ግን እዚያው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያ ሙቀት በጨረር ወደ ፊት አይወጣም፤ በአምፖሉ ወገብ በኩል ወደ ኋላ ተጉዞ በአሉሚኒየም ክንፎቹና በትንሿ ፋን አማካይነት ወደ አየሩ መውጣት አለበት። ቺፑ ደግሞ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የመጨረሻ ጣሪያው ላይ ነው።

እንግዲህ የጣት ያህል ውፍረት ባለው ብረት ውስጥ ከ10 ዋት በላይ ሙቀት ሲከማች አስቡት። አምፖሉ የተቀመጠው ሞተሩ አጠገብ ነው፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው ትኩስ አየርም እዚያው ያልፋል። ይህን የሚያውቅ ደህና አምራች አምፖሉ ውስጥ ጠባቂ ያስቀምጣል። ኤሌክትሪኩን መጥኖ ለቺፑ የሚያቀርበው ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ሰርኪውት ሙቀቱ ሲያልፍ መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ካልሆነለትም ጨርሶ ያጠፋዋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ያበራዋል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ጠዋት «ምንም የለበትም» የተባለው፤ አምፖሉ ቀዝቅዞ ነው የደረሰው።

የሙቀት ችግር ምልክቱ ጊዜ ነው። መብራቱ ከተበራ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ ከመጥፋቱ በፊት ፈዘዝ ይላል፤ ዳር ይዛችሁ ጥቂት ስትጠብቁ ይመለሳል። በሁለተኛው ዙር ግን ቶሎ ይጠፋል፣ ብረቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘምና። የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ይብስበታል፣ መንገድ ተከፍቶ ነፋስ ሲያገኝ ይሻለዋል። አዲስ አበባ ላይ ለወራት ደህና ሲሠራ የከረመ መብራት አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርድ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ነገር ጣል ላድርግ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኗ በእያንዳንዱ ዙር የምትገፋው አየር ያንሳል፣ ስለዚህ የምትወስደው ሙቀትም ያንሳል። የሚያድነን የከተማዋ ቀዝቃዛ ምሽት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ተሞክሮ የተመረተ አምፖል እዚህ ሲመጣ መጠባበቂያ አቅሙ ቀንሷል ማለት ነው፤ ይህን ካርቶኑ ላይ የሚጽፍ የለም።

ሙቀት ስትጠረጥሩ መጀመሪያ የሚታየው ፋኗ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ መብራቱን አብሩ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ጆሯችሁን ወደ መብራቱ ጀርባ አስጠጉ። ቀጭን የፋን ድምፅ መሰማት አለበት። ዝም ካለ ወይም የሚንተከተክ ድምፅ ካለው ችግሩን አግኝታችኋል። ፒስታ መንገድ የሚበዛበት መኪና ላይ የፋኗ ክንፍ ላይ አቧራ ይጋገርና ትቆማለች፤ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት አንዳንዴ ይበቃል።

ሁለተኛው የሚታየው የጀርባው ላስቲክ ነው። የቪትዝ፣ የኮሮላና የመሳሰሉት የፊት መብራት ከኋላው አቧራና ውሃ የሚከለክል ክብ የጎማ ሽፋን አለው። የኤልኢዲው ጀርባ ከሃሎጂኑ ስለሚረዝም ብዙ ጊዜ ገጣሚው ላስቲኩን እንደምንም ጎትቶ ፋኗን ከውስጥ ይዘጋባታል። ፋኗ ያንኑ የሞቀ አየር ደጋግማ ታዞራለች። አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ላስቲኩን አውጥቶ ይጥለዋል። ይህ ሙቀቱን ያቃልላል፤ ግን በክረምት ዝናብ ውሃ ይገባና መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ይይዛል፣ ቆይቶም አንጸባራቂው ይበላሻል። ትክክለኛው መንገድ ፋኗ ከላስቲኩ ውጭ እንድትቀር፣ ላስቲኩ ደግሞ በአምፖሉ ወገብ ዙሪያ ጥብቅ እንዲል ማድረግ ነው። ይህን የማይፈቅድ አምፖል ለዚያ መኪና የተሠራ አይደለም።

ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ዋትም ልንገራችሁ። «200 ዋት» የሚል አይታችሁ ይሆናል። ለራሳችሁ ለኩት፦ በእያንዳንዱ አምፖል የሚገባው 2 አምፔር ከሆነና ሞተሩ እየሠራ መኪናው 13.8 ቮልት ከሰጠ፣ ስታባዙት 28 ዋት ገደማ ነው። የጥንዱ 200 ዋት እውነት ሆኖ አንዱ አምፖል 100 ዋት ቢሆን ኖሮ ከ7 አምፔር በላይ ይስብ ነበር፤ ያን ሁሉ ሙቀት የሚያወጣ ፋን በዚያች ጠባብ ቦታ አይገባም። ስለዚህ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ትልቅ የአሉሚኒየም ጀርባና ጥሩ ፋን ያለውን እመርጣለሁ።

ከሙቀት ቀጥሎ ያለው፣ በእኔ እምነትም ብዙ ሰው አምፖል እየቀያየረ የሚያልፈው፣ መገናኛው ነው። አምፖሉ የሚሰካበትን የፕላስቲክ ሶኬት ማለቴ ነው።

አንድ ጥያቄ እዚህ ይነሳል። መኪናው ሃሎጂን እያለ መብራቱ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ ኤልኢዲ እንደተገጠመ ግን መብለጭለጭ ጀመረ። ስለዚህ ጥፋቱ የኤልኢዲው ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የሃሎጂን ሽቦ እንደ ምጣድ ነው፤ እሳቱ ሲጎድልበት ወዲያው አይበርድም። ሶኬቱ ላልቶ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ቢቋረጥ ሽቦው ግለቱን ይዞ ይቆያል፣ ዓይናችሁም ምንም አያይም። ኤልኢዲ ግን የሚያበራው በግለት አይደለም። ኤሌክትሪኩ በተቋረጠበት ቅጽበት ይጠፋል፤ ድራይቨሩም እንደገና እስኪነሳ ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ ያ መገናኛ ለዓመታት ላልቶ ኖሯል፤ ኤልኢዲው አጋለጠው እንጂ አላበላሸውም።

ይህን ስረዳ በጣም ነው የተደሰትኩት፣ ብዙ ነገር በአንዴ ያስረዳልና። መብራቱ የፍጥነት መግቻ ላይ ስትወጡ፣ ኮረኮንች ላይ ስትገቡ ወይም በር ሲዘጋ የሚጠፋ ከሆነ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። መንስኤው እንቅስቃሴ ነው።

ሶኬቱን ንቀሉና በቀን ብርሃን ተመልከቱት። ኤች4 የሚባለው አምፖል ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት፤ ሶኬቱ ውስጥ ደግሞ እነሱን የሚይዙ ሦስት የናስ ከንፈሮች አሉ። ፕላስቲኩ በአንዱ ከንፈር ዙሪያ ቡናማ ሆኗል? ጫፉ ቀልጦ ተሸብሽቧል? ናሱ ቢጫነቱን ትቶ ጠቁሯል? አንዱ ከንፈር ተከፍቶ ከሌሎቹ ሰፍቷል? ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ከዚያ በላይ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሶኬቱ ይቀየር። በቀጭን መርፌ ጠበብ ማድረግም ይቻላል፣ ግን አንዴ በሙቀት የለዘበ ናስ መልሶ ይከፈታል።

ሶኬቱን እንዲህ ያደረገው አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ሲል የነበረ አምፖል ነው። መደበኛው ኤች4 ለአጭሩ መብራት 55፣ ለረጅሙ 60 ዋት ነው። ብዙ ሰው ግን ብርሃን ለመጨመር 90/100 ዋት ያስገባ ነበር። 55 ዋት በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ 90 ዋት ደግሞ 7.5 አምፔር። ሶኬት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ልክ ብቻ አይጨምርም፣ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ሶኬቱ ከተሠራለት ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ሲችል ኖሯል። ኤልኢዲ በአንጻሩ 2 አምፔር ብቻ ስለሚወስድ ለሶኬቱ ዕረፍት ነው፤ የመጣው ግን ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሶኬቱ ሌላ ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ነጌቲቭ ገመድ፣ እዩት። ከፊት መብራቱ አጠገብ ወይም ባትሪው ሥር በቡሎን ታስሮ ታገኙታላችሁ። ቡሎኑ ዝጎ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ተቀብቶ ቀለሙ ከሥሩ ከገባ፣ ንክኪው ደካማ ነው። ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉና ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

ዓይን ያላየውን ቴስተር ያያል። ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ እየበራ፣ ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ከሶኬቱ ጀርባ በማሳው ገመድ በኩል አስገቡ። የሚነበበው ከ0.2 ቮልት በታች መሆን አለበት። ከዚያ ጥቁሩን ወደ ሶኬቱ መጋቢ ገመድ፣ ቀዩን ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ አድርጉ፤ እዚህ እስከ ግማሽ ቮልት ይታለፋል። ቁጥሩ ከዚህ ካለፈ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እየቀረ ነው። አሁን ዓይናችሁ ቴስተሩ ላይ ሆኖ ገመዱን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ሕመሙ አለ። መብራቱ ጠፍቶ የሚወሰደው ልኬት እዚህ አይጠቅምም፤ ኤሌክትሪክ ካልፈሰሰ የላላ ገመድም ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ለዚህ ነው አንዳንድ ባለሙያ ለክቶ «ኤሌክትሪክ ይደርሳል» የሚለው።

ቴስተር ለሌላችሁ፣ ምንም ወጪ የሌለበት ሌላ ፈተና አለ፤ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አድርጉ። የግራውን አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዙሩ። ድራይቨሩ በገመድ ላይ ለብቻው የተንጠለጠለ ሳጥን ከሆነ እሱንም አብራችሁ አዙሩ። ከዚያ እንደ ወትሮው ንዱት። ቀድሞ በግራ ይጠፋ የነበረው አሁን በቀኝ ከጠፋ ብልሽቱ አምፖሉን ተከትሏል፣ አምፖሉን ቀይሩ። አሁንም በግራ ከጠፋ አምፖሉ ንጹሕ ነው፤ ሶኬቱን፣ ማሳውንና ገመዱን ፈልጉ። ሁለቱም አንድ ላይ የሚጠፉ ከሆነ ደግሞ ሁለት አምፖል በአንድ ቅጽበት የመበላሸቱ ነገር እምብዛም ስለሆነ ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር ጠርጥሩ፦ ሪሌውን፣ የመብራት ማብሪያውን ወይም ዲናሞውን።

ሪሌ ኮፈን ሥር በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ኩብ ናት፤ ስትሠራ ቀጭ ትላለች። በብዙ መኪኖች ውስጥ የጡሩምባው ሪሌ ከመብራቱ ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አይታችሁ አቀያይሯቸው፤ መብራቱ ከተስተካከለ መልሱ ተገኘ።

ዲናሞውን ለማየት የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከ13 ቮልት በታች ከሆነ ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ደክሟል። 15 ቮልትን ካለፈ ደግሞ ቮልቱን የሚመጥነው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ያኔ ድራይቨሩ ራሱን ለማዳን ሊያጠፋ ይችላል፣ እናንተም ባትሪያችሁ ሳይፈላ ቶሎ አሠሩት። የዚህ ምልክቱ መብራቱ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር መለዋወጡ ነው፤ ስትረግጡ ይጠፋል፣ ስትለቁ ይመለሳል። የኢሱዙና የሲኖትራክ የጭነት መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ ደግሞ መኪናችሁ 24 ቮልት መሆኑን አትርሱ። አምፖሉ ላይ ከ9 እስከ 32 ቮልት የሚል ከሌለ አትግዙት።

ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ብዙ የቶዮታ መኪኖች፣ በተለይም ሃይሉክስና ላንድክሩዘር፣ መብራቱን የሚያበሩት ፖዘቲቩን በመስጠት ሳይሆን ነጌቲቩን በማገናኘት ነው። ፖዘቲቩ የሁለቱም የጋራ ሆኖ ማብሪያው ረጅሙን ወይም አጭሩን ከማሳ ጋር ያገናኛል። ለሃሎጂን ልዩነት የለውም፣ ሽቦ የኤሌክትሪክ አቅጣጫ አይመርጥም። ኤልኢዲ ግን ይመርጣል። ይህን ያላገናዘበ አምፖል ሲገባ ረጅሙ ሲበራ ክሩስኮት ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት አትበራም፣ ወይም መብራቱ ከረጅም ወደ አጭር ሲቀየር ይጠፋል። ምልክቷ የማትበራው ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ባልበራው ሽቦ በኩል ስለነበር ነው፤ ኤልኢዲ ውስጥ ያ መንገድ ተዘግቷል። መፍትሔው በነጌቲቭ ለሚበራ መኪና የተሠራ አምፖል ወይም የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ (ፖላሪቲ) የሚያስተካክል አገናኝ ገመድ መግዛት ነው።

ቨርጂኒያና ፍራንክፈርት ላላችሁ፣ ወይም እዚህ ሆናችሁ ቮልስዋገንና ቢኤምደብሊው ለምትነዱ፣ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። እነዚህ መኪኖች የፊት መብራታቸውን በኮምፒውተር ይከታተላሉ። ኮምፒውተሩ አምፖሉ የሚስበውን አምፔር ይለካል። 55 ዋት ሲጠብቅ 25 ሲያገኝ አምፖሉ ተቃጥሏል ብሎ ያምናል፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ኤሌክትሪኩንም ሊዘጋው ይችላል። ምልክቱ ሳይዛነፍ መደጋገሙ ነው። ሁልጊዜ ከተበራ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ፣ ሞቀ ቀዘቀዘ ሳይል፣ መንገድ ጎረበጠ ሳይል ይጠፋል፤ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ስታበሩት ያንኑ ይደግማል። ከአሜሪካና ከካናዳ በመጡ አንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ ቀን ቀን ረጅሙ መብራት በተቀነሰ ኃይል ይበራል፤ ድራይቨሩ ያን የተቆራረጠ ወይም ያነሰ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይንቀጠቀጣል። ማታ ደህና ሆኖ ቀን ብቻ የሚብለጨለጭ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ለዚህ ካንባስ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚጠብቀውን እንዲያይና ኤሌክትሪኩም እንዳይቆራረጥ ያደርጋል። አንዳንዱ ሻጭ ግን በሱ ፋንታ ወርቃማ ቀለም ያለው የ6 ኦም ሬዚስተር ይሰጣችኋል። ሬዚስተሩ ሥራው ኃይል እየበላ ኮምፒውተሩን ማታለል ነው፤ 13.8 ቮልት ላይ 32 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይቀይራል። እጅ አያስነካም። በናስትሮ ከገመድ ጋር አስረውት ወይም ፕላስቲክ ላይ ለጥፈውት ካያችሁ ዛሬውኑ አስነሱት፤ ባዶ ብረት ላይ በቡሎን መታሰር አለበት። እኔ ከሬዚስተር ዲኮደሩን እመርጣለሁ።

መብራቱ መንገድ ላይ ሲጠፋ ምን ማድረግ እንዳለባችሁም ቀድማችሁ እወቁት፤ ጨለማ ውስጥ ለማሰብ ጊዜ የለም። ወዲያው አራቱን ፍሬቻ አብሩ፤ ከፊት መብራቱ የተለየ መስመር ስላለው አብሮ አይጠፋም። ፓውዛ ካላችሁ እሱንም። ረጅሙን ሞክሩ። ያልበራ የኤች4 ኤልኢዲ ግን ተስፋ አይጣልበትም፤ ረጅሙና አጭሩ አንድ ድራይቨር ስለሚጋሩ በሙቀት ከጠፋ ሁለቱም ናቸው የሚጠፉት። ፍሬን ድንገት አትርገጡ፣ ከኋላ ያለው መኪና እናንተን እያየ ነው የሚመጣው። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ፍጥነት እየቀነሳችሁ ዳር ያዙ።

የተቃራኒውን አሽከርካሪ ዓይን በተመለከተ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። የሃሎጂን መብራት አንጸባራቂው የተቀረጸው ሽቦው ባለበት ትክክለኛ ቦታ ልክ ነው፤ የኤልኢዲው ቺፕ ከዚያ ቦታ በሚሊሜትር ቢስት ብርሃኑ ወደ ላይ ይረጫል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደህንነት መስፈርት ቁጥር 108 ለሃሎጂን በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል አይፈቅድም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 ነው ኤች7 ለሚባለው የአምፖል ዓይነት የመጀመሪያውን የኤልኢዲ ምትክ የፈቀደችው፣ እሱንም ተሞክረው ለተዘረዘሩ መኪኖች ብቻ። ስለዚህ አምፖሉን ካስገባችሁ በኋላ ከግድግዳ ፊት አምስት ሜትር ያህል ርቃችሁ አቁሙና አጭሩን አብሩ። ግድግዳው ላይ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን ሆኖ በግልጽ መስመር መለየት አለበት። መስመሩ ከሌለ ቺፖቹ ወደ ግራና ቀኝ ጎን እስኪያዩ ድረስ አምፖሉን አዙሩት። እንዲያም ሆኖ መስመሩ ካልወጣ ያ አምፖል ለዚያ መብራት አይሆንም፤ ምንም ያህል ቢያበራ አውጡት።

ከመኪናችሁ የወጡትን የድሮ ሃሎጂን አምፖሎች አትጣሏቸው። መስታወታቸውን በባዶ ጣት ሳትነኩ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧቸው፤ የጣት ቅባት ያረፈበት መስታወት ሲግል እዚያች ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይ ብትቸገሩ ቤት ያደርሷችኋል። የማያቋርጥ ጥርጣሬ ውስጥ ስትገቡም አንድ ምሽት እነሱን መልሳችሁ ገጥማችሁ ንዱ። ሃሎጂኑም በዚያው ጎን ከጠፋ ሌላ ኤልኢዲ ለመግዛት የያዛችሁትን ገንዘብ ይዛችሁ ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያን ሂዱና ሶኬቱን ከነገመዱ አሠሩት።